ከፖታሹ በፊት ውኃው ይለካ፦ የአፋር ማዕድንና የኃላፊነት መስፈርቶች

ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ በኩል ወደ መሀል አገር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሰመራን፣ ሎግያንና ሚሌን አልፎ የአዋሽን ሸለቆ ሽቅብ እየተከተለ አዋሽ ሰባት ከተማ ይደርሳል። የመኸር ወቅት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ከባድ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የሚጭኑት በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ ነው። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ከሰመራ በስተሰሜን፣ በዚያው በአፋር ክልል፣ በደናክል ረባዳ ምድር ከጨው ንጣፍ ሥር ከፍተኛ የፖታሽ ክምችት ተኝቶ ይገኛል። ፖታሽ ደግሞ ከሦስቱ ዋና ዋና የማዳበሪያ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው የፖታሲየም ምንጭ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሀብት ከመቶ ዓመት በላይ እየታወቀ ለምን ከመሬት ሳይወጣ ቆየ? በሚወጣበት ጊዜስ ማን፣ በየትኛው መስፈርት፣ በማን ውኃ ያወጣዋል? በዚህ ጽሑፍ ስለ ወሳኝ ጥሬ ዕቃዎችና እነርሱን ኃላፊነት በተሞላበት መንገድ ስለ ማቅረብ የወጡትን ዓለም አቀፍ መስፈርቶች ከደናክል አንጻር እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችን አዋጆች ቁጥር ብቻ እንደ ተለመደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

«ወሳኝ» ማለት ለማን?

አንድ ጥሬ ዕቃ «ወሳኝ» የሚባለው በተፈጥሮው በያዘው ልዩ ባሕርይ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ አንደኛው ለአንድ አገር ኢኮኖሚ ያለው አስፈላጊነት፣ ሁለተኛው ደግሞ አቅርቦቱ የመቋረጥ ስጋት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው ሕግ 34 ጥሬ ዕቃዎችን ወሳኝ ብሎ ሲመዘግብ ፎስፌት ዐለትን አካቷል፤ ፖታሽን ግን አላካተተም። ካናዳ በበኩሏ በ2021 ባወጣችው ዝርዝር ፖታሽን አስገብታለች። ዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ በ2018 አስገብታው በ2022 አውጥታዋለች፤ በ2025 እንደገና መልሳዋለች።

የዓለም የፖታሽ ምርት በአብዛኛው የሚገኘው ከካናዳ፣ ከሩሲያና ከቤላሩስ ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ የማዳበሪያ ዋጋ ያሻቀበበት አንዱ ምክንያት ይኸው የምንጭ ጥበት ነበር።

ለእኛስ? የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚለው እምነት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ በመቆየቱ ገበሬው የሚጠቀመው ማዳበሪያ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ላይ ያተኮረ ነበር። በ2012 የተጀመረው ብሔራዊ የአፈር መረጃ ሥራ ግን ፖታሲየም የሚጎድላቸው አካባቢዎች እንዳሉ አመልክቷል። ፖታሲየም ተክሉ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየከፈተና እየዘጋ ውኃውን እንዲቆጥብ ይረዳዋል። እንግዲህ ድርቅ ለሚያሰጋው ገበሬ የፖታሽ ነገር የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የባሕር ቅሪት

ደናክል የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊቶች እየተለያዩ በሚሄዱበት ሥፍራ የሚገኝ ረባዳ ምድር ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በ1960ዎቹ በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል።

በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደዚህ ረባዳ በተደጋጋሚ ፈስሶ ገብቷል። መግቢያው ሲዘጋ የታሰረው ውኃ በትነት አለቀ፤ ጨዎቹም በየተራቸው ዘቀጡ። በመጀመሪያ በውኃ እምብዛም የማይሟሟው ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የገበታ ጨው የምንለው ሃላይት፣ በመጨረሻም ለመዝቀጥ እጅግ የሚዘገዩት የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች፣ ማለትም ካይናይት፣ ካርናላይትና ሲልቫይት ተከማቹ። ፖታሽ የምንለው የእነዚህን የፖታሲየም ጨዎች ጥቅል ስም ነው።

የአፋር ጨው ቆራጮች በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ጨውን በመጥረቢያ እየፈለጡ አሞሌ ሲያዘጋጁ፣ የግመል ነጋድያንም ወደ በራህሌ ሲያጓጉዙት ዘመናት አልፈዋል። በፖታሹ ላይ ኢጣልያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማምረት ጀምረው ነበር፤ ምርቱንም ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ የሚያደርስ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘርግተዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ራልፍ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሙስሊ በተባለው ሥፍራ ጥናትና ቁፋሮ አካሂዶ፣ የቆፈረው ዋሻ በውኃ በመጥለቅለቁ ሥራው ተቋርጧል። በእኛ ዘመን የካናዳው አላና ፖታሽ ሰፊ ጥናት አድርጎ በ2015 በእስራኤሉ አይ ሲ ኤል ተገዛ፤ ይኸውም ኩባንያ የመሠረተ ልማት አለመሟላትንና የግብር ክርክርን ምክንያት አድርጎ በ2016 ፕሮጀክቱን አቋረጠ። የኖርዌዩ ያራ ደግሞ በ2015 ባወጣው የአዋጭነት ጥናት በዓመት 600,000 ቶን ፖታሲየም ሰልፌት ለ23 ዓመታት ማምረት እንደሚቻል አስታውቆ ነበር። ጅቡቲም በበኩሏ የፖታሽን ጭነት ታሳቢ ያደረገውን የታጁራ ወደብ በ2017 መርቃለች።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መንገድና ስለ ወደብ ብዙ ተነግሯል። ያነሰ የተነገረለት ውኃው ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

በደናክል ከታሰቡት የማምረቻ ዘዴዎች አንዱ በማሟሟት ማውጣት ይባላል። በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ወደ ጨዉ ንጣፍ ይሰደዳል፤ ውኃው ጨዉን አሟሙቶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያም በሰፋፊ ገንዳዎች ተዘርግቶ በፀሐይ ይተናል፤ በመጨረሻም የቀረው ጨው ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ሰው ከመሬት በታች ስለማይገባ ለሠራተኛው አደጋው ይቀንሳል፤ ለማትነኛ የሚያስፈልገውንም ኃይል ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች። በዚህ በኩል ዘዴው የሚወደድ ነው።

ለግምት ያህል አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 350 ግራም ያህል ፖታሲየም ክሎራይድ ያሟሟል። እንግዲያው 1 ቶን ለማሟሟት ወደ 3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዓመት 600,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ቢታሰብ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም በቀን ከ4,900 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብ ይህ ውኃ ለ246,000 ያህል ሰዎች ይበቃል። ስሌታችን የየትኛውንም ኩባንያ ዕቅድ አይወክልም፤ የጉዳዩን መጠን ለመገመት ያህል የቀረበ ነው። በተግባር ሙቀቱ ማሟሟቱን ሊያግዝ ይችላል፤ በሌላ በኩል ሃላይትም አብሮ ስለሚሟሟ የሚያስፈልገው ውኃ ይጨምራል።

ከመጠኑ ባሻገር ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ውኃው የትኛው ውኃ ነው? የሚል ነው። ለማሟሟት የሚውለው ውኃ የግድ ለመጠጥ የሚሆን መሆን የለበትም፤ ጨዋማ የከርሰ ምድር ውኃም ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን በደናክል የተሻለው ውኃ የሚገኘው ከምዕራቡ ተራራማ ጫፍ የሚወርደው ጎርፍ በሚያስቀምጠው የደለል መሬት ውስጥ ነው። የአርብቶ አደሩና የከብቱ ጉድጓድም በዚያው አካባቢ ነው። ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ ከመሬት በታች ጎን ለጎን ሲተኙ አንዱን መሳብ የሌላውን ድንበር ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሚተርፈው ነገር የት ይሄዳል? የሚል ነው። ደናክል ዝግ ተፋሰስ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው ውኃ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው፤ ጨዉና የማግኒዚየም ክሎራይዱ ዝቃጭ እዚያው ይቀራል። በገንዳ የተነነ ውኃም ወደ ጉድጓዱ አይመለስም።

የአዋሽ ሸለቆ ያስተማረን

ይህ ስጋት ከመጽሐፍ ብቻ የተወሰደ አይደለም። ደናክል ከአዋሽ ተፋሰስ የተለየ ቢሆንም፣ አዋሽም እንደ ደናክል ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። ስለዚህ በአዋሽ የታየው ነገር ለደናክል ትምህርት ይሆናል።

ከአዋሽ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ መተሐራ አጠገብ የሚገኘውን በሰቃ ሐይቅ እንውሰድ። ይህ ጨዋማ ሐይቅ በ1960ዎቹ መባቻ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በመስፋፋቱም መንገድና የባቡር ሐዲድ አውኳል፤ የግጦሽ መሬት ውጧል። ተመራማሪዎች ከመስኖ የሚመለሰውን ውኃም፣ የከርሰ ምድርና የፍል ውኃ ለውጥንም በምክንያትነት ይጠቅሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለ ግን ክርክሩ አላበቃም። ውኃው መጨመር ከመጀመሩ በፊት የተሟላ የጉድጓድና የምንጭ ልኬት ቢኖር ኖሮ መልሱ በቀለለ ነበር።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስንወርድ ደግሞ አሚባራን እናገኛለን። በዚያ የመስኖ ውኃ በቂ ማጠንፈፊያ ሳይበጅለት ለዓመታት በመፍሰሱ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ አለ፤ ከርሱም ጋር ጨው ወደ አፈሩ ገጽ ወጣ፤ ሰፋፊ የጥጥ ማሳዎችም ከምርት ውጭ ሆኑ። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጨዋማውን አፈር ለማከም እስካሁን ይደክማሉ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቁሞ ትላልቅ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሳርፉበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ተወስዷል። ልማቱ ሲታቀድ የውኃው ሒሳብም፣ የሰዉ ፈቃድም በበቂ አልተጠየቁም ነበር።

መስፈርቶቹ ከየት መጡ?

ዛሬ በዓለም ገበያ ጥሬ ዕቃ ገዢው «ይህ ከየት መጣ? እንዴትስ ወጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድዱ መስፈርቶች አሉ። መነሻቸው ጦርነት ነበር። በ2010 የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ያወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ አንቀጽ 1502፣ ቆርቆሮ፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ዕቃው ከኮንጎ ወይም ከጎረቤቶቿ መምጣት አለመምጣቱን እንዲያጣሩና እንዲያሳውቁ አዘዘ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2011 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ሥራውን በአምስት ደረጃዎች ከፈለው፦ ጠንካራ የአስተዳደር ሥርዓት መዘርጋት፣ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን አደጋ መለየት፣ ለተለየው አደጋ መልስ መስጠት፣ በገለልተኛ ወገን ማስመርመር እና በየዓመቱ ለሕዝብ ሪፖርት ማድረግ። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ደንብ አውጥቶ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከጦርነት አልፎ ወደ ተፈጥሮና ወደ ማኅበረሰብ ሰፋ። በ2018 የወጣው ኃላፊነት የተሞላበት የማዕድን ሥራ ማረጋገጫ መስፈርት በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ኢርማ» ይባላል። ይህ መስፈርት ስለ ውኃ አያያዝ፣ ስለ ነባር ማኅበረሰብ ፈቃድና ማዕድኑ ካለቀ በኋላ መሬቱን ስለ ማደስ ዝርዝር ነጥቦችን ይዟል። በጥር 2019 በብራዚል ብሩማዲኞ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፣ በዓመቱ ስለ ዝቃጭ ግድቦች ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። በ2023 የወጣው የአውሮፓ የባትሪ ደንብም ኮባልት፣ ሊቲየም፣ ኒኬልና ግራፋይት ገዢዎች አመጣጡን እንዲያጣሩ ይጠይቃል። ለአገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የጉጂው የቀንጢቻ ማዕድን ታንታለምና ሊቲየም ይዟል፤ ከታንታለሙ ጋር የሚገኙት ዩራኒየምና ቶሪየም ደግሞ አያያዙንና ማጓጓዙን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አድርገውታል።

መስፈርት ሁሉ ግን ያለ ጉዳት አይደለም። ከ2010 በኋላ ብዙ ገዢዎች ከማጣራት ይልቅ ከምሥራቅ ኮንጎ ፈጽሞ አለመግዛትን መረጡ፤ የአገሪቱ መንግሥትም በዚያው ሰሞን የማዕድን ሥራውን ለወራት አገደ። በእጃቸው እየቆፈሩ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በዚህ መካከል እንጀራቸውን አጡ። ከዚህ የምንማረው መስፈርት ትልቁን ኩባንያ ብቻ እያሰበ ሲጻፍ ትንሹን ሰው ሊጥለው እንደሚችል ነው። በደናክል ትንሹ ሰው የአሳሌ ጨው ቆራጭና የግመል ነጋዴው ነው። የማትነኛ ገንዳው የሚያርፍበት ሜዳ የእነርሱ የሥራ ቦታ ከሆነ፣ ቦታው በካርታ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

በደናክል ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ሀብት አለ። በ2019 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በዳሎል አሲዳማና ጨዋማ ኩሬዎች ሕይወት መኖር አለመኖሩ ላይ ተቃራኒ ውጤት አቅርበዋል። ሕይወት እስከ ምን ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል የሚጠናበት እንዲህ ያለ ሥፍራ ጥቂት ነው። የዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት በ2022 ደናክልን ከመጀመሪያዎቹ 100 የሥነ ምድር ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ሕጋችንና ዳጉ

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከግጦሽ መሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብቱን ያረጋግጣል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም በአካባቢ ጥበቃና በማኅበረሰብ ልማት ላይ ባለ ፈቃዱን ግዴታ ውስጥ ያስገባዋል። ኢትዮጵያ በ2014 የማዕድን ገቢ ግልጽነትን የሚከታተለውን ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ በዕጩነት ተቀላቅላለች።

ሕግ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ግን በ2018 ታይቷል። በዚያ ዓመት ከለገደምቢ የወርቅ ማዕድን በሚወጣ ኬሚካል ሰውና ከብት ተጎዳ የሚል የሕዝብ ተቃውሞ በመነሣቱ መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2021 ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተወሰደ፣ ሁሉም ወገን የሚያምነው ልኬት በሌለበት፣ እንዲህ ያለው ክርክር በማስረጃ ሳይሆን በቁጣና በእገዳ ይዳኛል።

መረጃውስ ለማን ይደርሳል? የትልልቅ ማዕድናት ፈቃድ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ የክልሉ ቢሮዎች ያሉት ሰመራ ነው፤ ጉድጓዱ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ርቆ በረሃው ውስጥ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውኃውና ስለ ሰላሙ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ የተሳሳተ ወሬ ማቀበልም ነውር ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት «በየዓመቱ ለሕዝብ ሪፖርት ማድረግ» የሚለው ነገር በደናክል ትርጉም የሚኖረው የጉድጓዱ ከፍታና የውኃው ጨዋማነት በአፋርኛ ተነግሮ ዳጉ ውስጥ ሲገባ ነው። በሩቅ አገር ቢሮ የተቀመጠ ሪፖርት ለጉድጓዱ ባለቤት አልተነገረም ማለት ይቻላል።

ከሳይንስ ተማሪው ምን ይጠበቃል?

የየትኛውም መስፈርት መሠረት መነሻ ልኬት ነው። መርማሪው ከዐሥር ዓመት በኋላ መጥቶ «ውኃው ቀንሷልን?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚገኘው ቀድሞ ከተለካ ብቻ ነው። ልኬቱም አንድ ቀን ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም፤ ዝናብ የበዛባቸውንና ድርቅ የመታባቸውን ዓመታት የሚያካትት መሆን አለበት። ሥራው እጅግ የተራቀቀ መሣሪያ አይሻም። የጉድጓድን የውኃ ከፍታ በሜትር ገመድ መለካት ይቻላል፤ ጨዋማነቱን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን በሚለካ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። የውኃው ዕድሜና ምንጭ ደግሞ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን አይሶቶፖች እንዲሁም በትሪቲየም ሊጠና ይችላል። ጥንታዊ ውኃ ከሆነ ዝናብ አይተካውም፤ እንደ ማዕድኑ ሁሉ አንዴ ተስቦ የሚያልቅ ሀብት ነው ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለባለ ፈቃዱ ኩባንያ ብቻ መተው ተገቢ አይመስለንም፤ ኩባንያው የሚለካው የራሱን ሥራ ነውና። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ለሥፍራው ቅርብ ነው፤ የወረር ማዕከል ስለ ጨው የዐሥርት ዓመታት ልምድ አለው፤ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪና የሥነ ምድር ትምህርት ክፍሎችም ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲያፈላልጉ ደናክልን ሊያስቡት ይገባል። ጉድጓዶቹን በየወቅቱ እየለካ ውጤቱን በግልጽ የሚያትም አንድ ተከታታይ መዝገብ ቢኖር፣ ነገ የሚመጣ ባለ ሀብትም፣ ፈቃድ ሰጪውም፣ አርብቶ አደሩም በአንድ ማስረጃ ፊት ይቀመጣሉ።

ፖታሹ በማሟሟት ዘዴ ሲወጣ ገበሬው በአገሩ ማዳበሪያ ያገኛል፤ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ታድናለች። ይህን ተስፋ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ፖታሹ ግን ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ ከጨዉ ሥር የቆየ ነውና ጥቂት ዓመታት ቢጠብቅ አይበላሽም። ከተራራው ሥር ያለው የጣፋጭ ውኃ ጉድጓድ ግን አንዴ ጨው ከገባበት በአንድ ሰው ዕድሜ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው አስቀድሞ መለካት እንዳለበት የሚያጠራጥር አይደለም።